አደይ አበባን አይተን እናውቃለን?

በልጅነታችን ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ያልሣልን ጥቂቶች ነን። በዋዜማው ፀሐዩ፣ መልአኩና አደይ አበባው በየወረቀቱ ይሣላሉ፤ በማግስቱ ማለዳ ሥዕሉ ለጎረቤት ይታደልና ሳንቲም ይሰበሰባል። አበባውን ግን አይተን አልሣልነውም። የሣልነው ታላቅ ወንድማችን የሣለውን ነው፤ እርሱም ከእርሱ በፊት የነበረው ልጅ የሣለውን ነበር የሚገለብጠው። አደዩ በደጃችን ፈክቶ ሳለ ጎንበስ ብሎ የመረመረው አልነበረም።

ዛሬ አንዲት አደይ ቀጥፈን ቀረብ አድርገን ብናያት የምናገኘው ሌላ ነው። በመካከሏ ያለው ቢጫ ክብ በርካታ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው የቆሙበት ስፍራ ነው። ዙሪያውን የከበቡት፣ ቅጠል የሚመስሉት ቢጫዎችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። የመካከሎቹ ሁሉ በአንድ ቀን አይፈኩም፤ ከዳር ጀምረው ወደ ውስጥ በተራ ይከፈታሉ። አንድ አበባ ስንላት የኖርነው የአበቦች ጉባኤ ኖራለች። ይህን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ እርሳስ ይዞ ከፊቷ መቀመጥ ይበቃል።

የሳይንስ ተማሪ ነገሩን ከፊቱ አስቀምጦ መሣልን ሊለማመድ ይገባዋል የምንለው ስለዚህ ነው። ሠዓሊ ይሁን ማለታችን አይደለም። እጅ መስመር ሊያሰምር ሲል ዓይን መወሰን ይገደዳል፤ ይህ ጠርዝ የት ያበቃል? ይህ ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚገናኘው በምን ዓይነት ነው? እርሳስ ያልያዘ ተመልካች እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ ያልፋቸዋል።

ይህን ስንጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኛም ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ተማሪዎች ባቄላ በጣሳ ዘርተው አበቃቀሉን በሥዕል እንዲያሳዩ አዘን ነበር። ከቀረቡት ወረቀቶች አብዛኞቹ ጽዱና ያማሩ ነበሩ፤ በሁሉም ላይ ቡቃያው ሁለቱን ክኮች ከአፈር በላይ ተሸክሞ ቆሟል። አንድ ተማሪ ብቻ፣ በላጲስ ብዛት በሳሳ ወረቀት ላይ፣ ክኮቹን ከአፈር ሥር ትቶ ግንዱን ብቻ አውጥቶ ሣለ። ለእርሱ ያነሰ ነጥብ ሰጠነው። ዳሩ ግን ከአፈር በላይ የሚወጡት የቦሎቄ ክኮች ናቸው፤ የባቄላ ክክ ከአፈር ሥር ይቀራል። ብዙኃኑ የሣሉት ከመጽሐፍ ያዩትን የቦሎቄ ሥዕል ነበር። እኛም ያረምነው መጽሐፉን በልባችን ይዘን እንጂ ጣሳውን አይተን አልነበረም። ጣሳዎቹ ከመስኮቱ ሥር ተደርድረው ነበር። ስህተታችንን ያወቅነው ልንደፋቸው ስንል ነው።

በእንዲህ ያለው ነገር የሚፈተን ተማሪና መምህር ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሀሪየት በ1609 እ.ኤ.አ.፣ ከጋሊሌዮ ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ ጨረቃን በቴሌስኮፕ አይቶ ሣላት። ሥዕሉ ላይ ብርሃንና ጨለማን የሚለይ የተንቀጠቀጠ መስመርና ጥቂት ጥላ እንጂ ተራራም ጉድጓድም የለም። የሥዕልን የብርሃንና የጥላ ሥርዓት የተማረው ጋሊሌዮ ግን በዚያው ዓመት ማብቂያ ያንኑ መስመር ሲያይ፣ በጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የሚያበሩት ነጥቦች ፀሐይ የነካቻቸው የተራራ ጫፎች መሆናቸውን ተረዳ። የጋሊሌዮ ቴሌስኮፕ ይበልጥ አጉልቶ ያሳይ እንደ ነበር አይካድም። ሆኖም የጋሊሌዮ መጽሐፍ በ1610 ከወጣ በኋላ ሀሪየት የሣላት ጨረቃ ጉድጓዶች ነበሯት። ቻርልስ ዳርዊንም መሣል አለመቻሉ በባሕር ጉዞው ከጻፋቸው ማስታወሻዎች ብዙዎቹን ከንቱ እንዳደረገበት በግለ ታሪኩ በጸጸት ጽፏል።

የእጅ ስልክ ካሜራ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የሚል አይጠፋም። ካሜራ ሁሉንም እኩል ያነሣል፤ ዋናውን ከትርፉ አይለይም። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝሩት ስምንት ቅጾች እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 ታትመው የተጠናቀቁት ካሜራ በሞላበት ዘመን ነው፤ ሆኖም አበባውን፣ ፍሬውንና ቅጠሉን በአንድ ገጽ አሰባስበው የሚያሳዩት በእጅ የተሠሩ ሥዕሎች ናቸው።

ከባዱ ነገር መጀመሩ ሳይሆን መዝለቁ ነው። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ተሰጥኦ የለኝም ብለው ደብተሩን ይዘጋሉ። በእኛ ግምት ይህ የሚሆነው ዓይን ከእጅ ቀድሞ ስለሚሠለጥን ነው። ትናንት ያላየነው መዛባት ዛሬ ሲታየን እጃችን የባሰበት ይመስለናል፤ የተሻለው ግን ዓይናችን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አትቅደዱ፤ ቀን ጽፋችሁ አስቀምጧቸው። ላጲሱንም ለጊዜው ራቅ አድርጉት። የተሳሳተው መስመር በቦታው ቢቆይ ትክክለኛው የት መሆን እንዳለበት ያመለክታል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የግንዱን ቁመት በእርሳሱ ለኩና ከቅጠሉ ስፋት ጋር አነጻጽሩ። ቅጠሉ አልሣል ቢላችሁ በሁለት ቅጠሎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሣሉ፤ ባዶ ቦታ ስም ስለሌለው ከልምድ የምንገለብጠው ቅርጽ የለውም።

በየቀኑ አንድ ሰዓት እሥላለሁ የሚለውን መሐላ ግን አንመክርም። እኛም ምለን አፍርሰናል። የሚበጀው የሚለወጥ ነገር መምረጥ ነው። በጠረጴዛ ላይ ያለ ሲኒ ነገም ያው ሲኒ ነው፤ ወደ እርሱ ለመመለስ ብርቱ ፈቃድ ይጠይቃል። ቡቃያ ግን ነገ ሌላ ነው፤ ምን ሆኖ ይሆን? የሚለው ጉጉት ራሱ ይጠራል፤ ዐሥር ደቂቃም ይበቃዋል። ጨረቃም እንዲሁ ናት፤ አደይም በመስከረም፣ ከዳር ወደ ውስጥ ስትፈካ።

መስከረም እስኪጠባ መጠበቅ አያስፈልግም። በሁለት ጣሳ አፈር ሙሉ፤ በአንዱ ባቄላ፣ በሌላው ቦሎቄ ዝሩ፤ የትኛው የት እንዳለ በጣሳው ላይ ጻፉ። አፈሩ ከተሰነጠቀበት ቀን አንሥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ሣሉ። ቦሎቄው አንገቱን ቆልምሞ ሲወጣ፣ ቀጥሎም ቀና ሲል ታዩታላችሁ። ባቄላውን ደግሞ አፈሩን በጣታችሁ ጫር አድርጋችሁ እዩት። ወረቀቱ ጭቃ ቢነካው ነጥብ አንቀንስም።