የቤት ገመና በታብሌት

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ዘመድ ጥየቃ ጉደር ሄጄ ነበር። ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ሁለት ጎረቤቶች አብረውን ተቀምጠው ሳለ፣ መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ታብሌት ይዛ በር ላይ ቆመች። የሕፃናትን እድገት ለሚያጠና ሥራ መረጃ የምትሰበስብ ነበረች። የቤቱ ታናሽ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቱ አስገባቻት፤ ቡናም ተቀዳላት።

መጀመሪያው ደስ የሚል ነበር። ልጁ ትንንሽ የእንጨት ኩቦችን እየደራረበ ማማ ሠራ፣ መስመር ሣለ፣ በአንድ እግሩ ቆመ። ወጣቷ እያንዳንዱን በታብሌቱ መዘገበች፤ ሲጫወትም በቪዲዮ ቀረጸችው። እናትየው አፉን ዘግይቶ በመፍታቱ ስትሰጋ ስለከረመች፣ ማማው ሳይፈርስ ሲቆም ልክ እንደ ሠርግ ቤት እልል አለች። እኔም እንዲህ ዓይነት ጥናት እንዲበዛ እመኛለሁ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዴንቨር ሁለት የተባለውን የእድገት መመዘኛ ለእኛ አገር ልጆች እንዲስማማ አድርገው ያዘጋጁት፣ የባዕድ አገር ልጅ በሚያውቀው ዕቃ የእኛን ልጅ መፈተን ፍርደ ገምድልነት ስለሆነ ነው። ልጆቻችንን በራሳቸው ልክ ለማወቅ የሚደክም ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ኩቦቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ግን ጥያቄው ከልጁ ወደ ቤቱ ዞረ። በቀን ስንት ጊዜ ትበላላችሁ? ልጁን ትመቺዋለሽ? ባለፈው ወር ከወትሮው የበለጠ አልቅሰሻል? እርጉዝ ሳለሽ የኤችአይቪ ምርመራ አድርገሻል? እነዚህ ለጥናቱ የሚያስፈልጉ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የልጅ እድገት ከእናቱ ጤናና ከቤቱ ማዕድ ተለይቶ አይታይም። ግን ጎረቤቶቹ አልተነሡም፤ ማንም እንዲነሡ አልጠየቃቸውም። የእናትየው ድምፅ ዝቅ እያለ ሄደ። «አዴ፣ አባቱ የት ነው ያሉት?» የሚለው ሲመጣ ጭራሽ ዝም አለች። ጉደር ያለችበት ምዕራብ ሸዋ በእነዚህ ዓመታት ያየውን ግጭት ለሚያውቅ ሰው፣ ቤቱ የሌለ ወንድ የት እንዳለ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የሚሰማው ሰው ግን የራሱን ይጨምርበታል።

በመጨረሻ እናትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ይሄ ነገር ቀበሌ ይደርሳል?»

«አይደርስም። ስምዎ አይጻፍም፤ በቀጥታ ወደ ሰርቨር ነው የሚሄደው» አለቻት ልጅቷ። እናትየው ራሷን ነቀነቀች፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ቅጹ ላይ አተመች። ስምምነት ከጥያቄው በፊት መቅደም ነበረበት፤ እዚያ ቤት ግን መጨረሻ ላይ መጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄና መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ መረጃ ጥበቃ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናስበው ውቅያኖስ ማዶ ተቀምጦ ኮምፒውተር የሚሰብረውን ሌባ ነው። የጉደር እናት የፈራችው ግን ቅርቧን ነው፦ ቀበሌውን፣ ጎረቤቱን፣ የባሏን ወገን። መረጃ ሰብሳቢዋም ከዚያው አካባቢ የተመለመለች ናት፤ መሆንም አለባት፤ አፋን ኦሮሞ የማይችል ሰው የአንዲትን እናት ሐዘን በትርጉም ሊረዳው አይችልም። ችግሩ፣ ቋንቋውን የምታውቅ ልጅ ሰፈሩንም ማወቋ ነው። ምናልባት አክስቷ ሦስት ቤት አልፎ ትኖር ይሆናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰርቨሩ የቱንም ያህል ቢቆለፍ፣ በዚያ ቡና ላይ የተሰማው ቀድሞ ወጥቷል። የአምቦ ልጅ ጌዶ፣ የጌዶ ልጅ ጊንጪ ሄዶ ቢጠይቅ ቋንቋውም አይጎድል፣ ገመናም ይከበር ነበር። ዋጋው የአውቶቡስ ትኬት ነው።

ሌላም አለ። ቅጹ «ልጁ የአብራክሽ ክፋይ ነው ወይስ በጉዲፈቻ የመጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል የአማርኛው የቤተሰብ ሕጋችን የወሰደው ከኦሮሞ ሕዝብ ነው። በባህሉ በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ልጅ ነው፤ አለቀ። ቤቱ ያልለየውን ልጅ ቅጹ በሁለት ሳጥን ይለየዋል። ያ ምልክት ነገ በማን እጅ እንደሚገባ፣ ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ምን እንደሚያደርስበት፣ ሳጥኑን የሠራው ሰው አስቦበት ይሆን?

«ስምዎ አይጻፍም» የሚለውም ያጽናናል እንጂ አይሸፍንም። ላታንያ ስዊኒ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቀጠና ብቻ ቢገጣጠሙ 87 በመቶ የሚሆነውን የአሜሪካ ሕዝብ ነጥሎ ለማወቅ ይበቃል። ያ እንግዲህ በሚሊዮኖች በሚቆጠር ሕዝብ መሃል ነው። እዚህ የቀበሌው ስም፣ የልጁ ልደት፣ የወንድምና የእህቶቹ ቁጥር፣ የአባት ሥራ ይመዘገባል። እንደ ኮቦ ያሉ መረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያዎች ደግሞ ቅጹ ከጠየቃቸው ቤቱ የቆመበትን ቦታ በጂፒኤስ ይይዛሉ። መንታ የወለደችው ወይም አፉን ያልፈታ ልጅ ያላት የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ በጉደር ስም አያስፈልግም። ገበያተኛው ይነግርሃል።

በጥንቃቄ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ግን አገራችን ውስጥ አለ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሦስት ሺህ ልጆችን፣ ኦሮሚያን ጨምሮ በ20 ቦታዎች፣ ከሕፃንነት እስከ ጎልማሳነት ተከታትሏል። በጽሑፎቹ ውስጥ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ መንደሮቹም የሚጠሩት በተለወጠ ስም ነው። መንደሩ ከታወቀ ልጁም እንደሚታወቅ ገብቷቸዋል።

ሕጉም መጥቷል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያከብራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ይመድበዋል፤ ሰው የሰጠውን ፈቃድ መልሶ የማንሳት መብትም ይሰጠዋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በመብቱ ለመጠቀም ግን መብቱ መኖሩን የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፤ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ይህን ሊነግር የሚችለው ደጃፍ ላይ የቆመው መረጃ ሰብሳቢ ነው። እሱ ካልነገረ አዋጁ ለዚያች እናት የለም ማለት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የቤተሰብ ማኅደር ከወረቀት ወደ ታብሌት እየተሻገረ ባለበት በዚህ ጊዜ ይህ የተመራማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጥናት ሥራው አስቸኳይ ነው ብሎ የቤተሰቦችን መልስ የያዘ የኤክሴል ፋይል በቴሌግራም መላላክ ሲዘወተር አይቻለሁ። የላኩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ፋይሉ ግን ከዚያ በኋላ በስንት ስልክ እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ስልክ ደግሞ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ለጥገና ይሰጣል።

ከዚያ ጥየቃ ከሁለት ሳምንት በኋላ የልጁ እናት የሆነችው ዘመዴ ደወለችልኝ። ስለ ቤቷ የተናገረችው ከነከናት፤ የልጁ ቪዲዮም እንዲጠፋላት ትፈልጋለች። የተተወላት ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ ታች ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። ያነሣው ሰው ትሑት ነበር። መረጃውን ማውጣት እንደሚቻል፣ ነገር ግን በስም ስላልተመዘገበ የቤተሰቡን ኮድ ማወቅ እንዳለበት ነገረኝ። መልሼ ደወልኩላትና ኮድ ተሰጥቷት እንደሆነ ጠየቅኋት። የልጁን የክትባት ካርድ ከሣጥን አውጥታ፣ ከፊት ከኋላ እያገላበጠች በስልክ አነበበችልኝ። የክትባቶቹ ቀኖች ሁሉም አሉ። ሌላ ቁጥር አልነበረበትም።