ባለሜዳ ያለ ሜዳ

እግር ኳሳችን ካፈራቸው ቃላት ሁሉ «ባለሜዳ» የሚለውን እወደዋለሁ። ባለቤት፣ ባለርስት፣ ባላገር እንደ ማለት ነው። ባለሜዳ የሆነ ቡድን እንግዳ ይቀበላል፤ በገዛ ከተማው ሰው ፊት ይጫወታል፤ ሲያሸንፍ ሰፈሩ አብሮት ያመሻል፤ ሲሸነፍ ደግሞ በማግሥቱ የሻይ ቤቱና የታክሲው ወቀሳ ይጠብቀዋል። ይህ ቃል ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ምን እንደ ደረሰበት ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ቡድኖች የሁለቱም ወዳልሆነ ከተማ ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ሆቴል ያድራሉ፤ ሁለቱም በሰው ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ከዚያ አንደኛው በወረቀት ላይ «ባለሜዳ» ተብሎ ይጻፍለታል። ሜዳ የሌለው ባለሜዳ! በረት የሌለው ባለከብት ቢባል ከዚህ ምን ይለያል?

የውድድር ዘመን መርሐ ግብር ሲወጣ «የት ይካሄድ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ቢሮ ሥራ ይቆጠራል። ማኅተም የሚመታበት፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ አንዱ ጸሐፊ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን አይመስለኝም። ሜዳ የሚመርጥ ሰው ተመልካች ይመርጣል፤ ተመልካች የሚመርጥ ደግሞ ጨዋታው የማን እንደሚሆን ይወስናል። ክርክሬ ይህ ነው።

የሆነውን እናስታውስ። የአገራችን ፕሪምየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር በደርሶ መልስ ነበር፤ አንዴ በቤትህ፣ አንዴ በቤቴ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ውድድሩን አቋረጠው፤ የዚያ ዓመት ዋንጫም ባለቤት ሳያገኝ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲመለስ ሁለት አዳዲስ ነገሮች ይዞ ተመለሰ። አንደኛው የሱፐር ስፖርት ካሜራ ነው። ሁለተኛው ክለቦቹ ሁሉ ባንድነት ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞሩበት አሠራር ነው። ያን ዓመት ከአዲስ አበባ ተነሥተው ጅማን፣ ባሕር ዳርን፣ ድሬዳዋንና ሐዋሳን አዳረሱ፤ ፋሲል ከነማም ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ግን ዝርዝሩ እየጠበበ ሄደ። በ2016 እና በ2017 የውድድር ዘመናት የሊጉ መናኸሪያ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ሆኑ። አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና፣ መቻልና ኤሌክትሪክ፣ ንግድ ባንክና መድን የሚኖሩባት ከተማ፣ ለዓመታት ከአዘጋጆች ዝርዝር ወጣች። በ2016 ንግድ ባንክ፣ በ2017 መድን ሻምፒዮን ሲሆኑ ሁለቱም የአዲስ አበባ ክለቦች ናቸው፤ ከተማቸው ግን ጉዟቸውን ያየችው በመስኮት ነው። መስኮቱም ቴሌቪዥን ይባላል።

ለዚህ አሠራር የሚቆሙ ሰዎች ምክንያት የላቸውም አልልም። አራት ምክንያት ሲያቀርቡ ሰምቻለሁ፤ አራቱንም በየተራ ላንሣ።

አንደኛው ወረርሽኝ ነው። እውነት ነበር፤ አልፏል። ለሕመም የታዘዘ መድኃኒት በሽተኛው ከዳነ በኋላ ምግብ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። ይህ ቀልድ የሚሆንበት ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ከጦርነቱ በፊት ባሉት ዓመታት ሜዳዎቻችን ላይ ድንጋይ ተወርውሯል፤ ኳሱ የብሔር ጠብ መወጫ ሆኗል፤ ጨዋታዎችም ወደ ገለልተኛ ሜዳ ተዛውረዋል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ የ2011 ሻምፒዮን የነበረው መቐለ 70 እንደርታ ከነጭራሹ ከሊጉ ጠፋ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መቐለ በ2017 የውድድር ዘመን ወደ ሊጉ ሲመለስ የተመለሰው ወደ መቐለ ሜዳ አልነበረም። ስንት መከራ አይቶ ቡድኑን የጠበቀ ደጋፊ ቡድኑ ሲነሣ እንኳ በዐይኑ ሊያየው አልቻለም። ጸጥታን ደጋፊን በማራቅ ማስከበር ይቻላል፤ ባዶ ቤት ውስጥ ጠብ የለም። ጥያቄው ጠብ የሌለበት ቤት ነው የምንፈልገው ወይስ ሰው የሌለበት? ደግሞስ የጎንደር ልጅ ለመቐለ እንግዳ፣ የመቐለ ልጅ ለወላይታ ሶዶ እንግዳ ሆኖ መሄድ ካልጀመረ፣ መተማመን ከየት ሊመጣ ነው? ደርሶ መልስ ከስፖርት ደንብነቱ በፊት የሰው ወግ ነው፤ ቤቴ መጥተህ ነበር፣ ቤትህ እመጣለሁ።

ሦስተኛው ካሜራ ነው። ሦስት ከተማ ላይ የተተከለ ካሜራ በየክለቡ ከተማ ከሚዞር ካሜራ ይቀላል፤ ፓውዛ ያለበት ሜዳም የምሽት ጨዋታ ያስተላልፋል። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ስለሆነ አልከራከረውም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ካሜራው የሚቀርጸው ምንድን ነው? ኳስ በቴሌቪዥን የሚያምረው ከኋላው የሚዘምር ሕዝብ ስላለ ነው። ቦሌ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ካሉት መጠጥ ቤቶች ወደ አንዱ ቅዳሜ አመሻሽ ግቡ። አርሴናልና ማንቸስተር ሲጫወቱ መቀመጫ አይገኝም። በሌላ ቀን የኛው ሊግ በዚያው ስክሪን ሲታይ ግን አስተናጋጁ ድምፁን ቀንሶ ሙዚቃ ይከፍታል፤ ተቃውሞ የሚያሰማም የለም። ልጆቹ አገራቸውን ስለናቁ ነው? አይደለም። ባዶ የሲሚንቶ ደረጃ እያየ የሚሞቀው ሰው ስለሌለ ነው። በእንግሊዝ ሜዳ የሚሰማውን ጩኸት ሲሰሙ የሚቀኑት የገዛ ጩኸታቸው የት እንደ ገባ ስለማያውቁ ነው።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ ይከብዳል፤ «ሜዳ የለንም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የለንም። ግን እንዴት አጣን?

አዲስ አበባ ስታዲየም በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደበት ሜዳ ነው። ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ብቸኛ ዋንጫዋን ያነሣችው እዚያ ነው። በ1960 እና በ1968 ዓ.ም.ም አህጉሩ እዚያው መጥቷል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፤ ሰው ለመቀመጫው ስም ያወጣለት ሌላ ሕንፃ በዚህ ከተማ ካለ ንገሩኝ። ይህ ሜዳ አርጅቶ ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት በታች ሲወድቅ አንድ ሌሊት የወደቀ አይደለም። መቀመጫው፣ መልበሻ ክፍሉ፣ መጸዳጃው፣ ሣሩ በየዓመቱ እያየነው ነው ያለቀው። ከታገደ በኋላ እድሳት ተጀመረ፤ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይህ ነው።

ቀጥሎ ባሕር ዳር ተሞከረ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ብሔራዊ ቡድኑ ደቡብ አፍሪካን እዚያ አስተናገደ፤ ከዚያ እሱም ታገደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከጋና ጋር በ«ሜዳችን» የተጫወትነው ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ስንት ዓመት የጠበቅነው ድል በሰው አገር ሜዳ ላይ ሆነ፤ እኛ ደግሞ ቦሌ መንገድ ላይ ጥሩምባ እየነፋን በሌለንበት ደስ አለን። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ጠቅላላ ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ አካሄደ። ለስብሰባ የሚሆን አዳራሽ አለን፤ ለጨዋታ የሚሆን ሜዳ ግን ያው ኮንፌዴሬሽን ነስቶን ነበር። ወንበር እንጂ ሣር ያላፈራ ከተማ ሆንን።

ቦሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ደግሞ አደይ አበባ ስታዲየም አለ። ግንባታው በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታሰበ ነው። የሥራው ትልቅነት አይካድም። ነገር ግን ከ2008 እስከ 2017 አሥር የውድድር ዘመናት አንድ የሊግ ግብ ሳይቆጠርበት አለፉ። ግንባታው ሲጀመር አንደኛ ክፍል የገባ የገርጂ ልጅ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ለዚያ ልጅ ስታዲየም ማለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነበር። ለመሆኑ ሰማይ ላይ ያለችውን ላም ስንጠብቅ በረት ውስጥ ያለችውን ፍየል ለምን አናልባትም? 60 ሺህ የሚይዘውን ስንገነባ ስምንት ሺህ የሚይዘውን ማን ከለከለን?

የኛ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ናስካር የሚሉት የመኪና እሽቅድምድም አላቸው፤ የመንገድ መኪና የሚመስሉ መኪኖች ክብ መንገድ ላይ የሚሽከረከሩበት፣ በደቡብ ክፍለ አገሮች ገጠር ተወልዶ ያደገ ጨዋታ ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ኖርዝ ዊልክስቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ ሜዳ ከመጀመሪያው የውድድር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ፣ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ነበረች። ሁለት ባለሀብቶች ሜዳውን ገዙና ከ1996 በኋላ ውድድሮቹን አንዱ ወደ ኒው ሃምፕሻየር፣ ሌላው ወደ ቴክሳስ ይዘው ሄዱ። ሜዳው ሣር በቀለበት። በደቡብ ካሮላይና የዳርሊንግተን ሜዳ ከ1950 ጀምሮ በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን ሰሞን የሚካሄድ ታላቅ ውድድር ነበረው፤ በ2004 ያ ቀን ለካሊፎርኒያ ተሰጠ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ትልቅ ከተማ፣ ትልቅ ገበያ፣ ብዙ ቴሌቪዥን። ገበያው ግን እንደ ስሌቱ አልሆነም። በ2015 ቀኑ ወደ ዳርሊንግተን ተመለሰ። በ2023 ደግሞ ያቺ የተረሳች ኖርዝ ዊልክስቦሮ ታድሳ የኮከቦቹን ውድድር አስተናገደች። ገንዘብ የማያባክን አገር ተብሎ የሚታወቅ አገር ሃያ ሰባት ዓመት ፈጅቶበት የተማረው ነገር ቢኖር፣ ጨዋታ እንደ ዛፍ ሥር እንዳለውና ነቅለው ሲያዞሩት እንደሚደርቅ ነው። እኛ ይህን ትምህርት በነጻ ማግኘት ስንችል ለምን በዋጋ እንገዛዋለን?

ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነም እንናገር። አዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሄዶ መምጣት ይቻላል ይባላል። የሚቻለው ለማን ነው? አያት ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ለሚኖር ወጣት የትራንስፖርቱ፣ የምግቡና የመግቢያው ዋጋ የሳምንት አስቤዛ ነው። ሐዋሳ ደግሞ አልጋ ይጠይቃል። ድሬዳዋን አላነሣም። የሸገር ደርቢ በሌላ ከተማ ሲካሄድ የሚሄደው መኪና ያለው ነው፤ የቀረው ውጤቱን በስልክ ይሰማል። ከስታዲየም ደጃፍ ቆሎና ሎሚ የምትሸጠው ሴት፣ ማሊያና ባንዲራ ዘርግቶ የሚውለው ልጅ፣ ሁለት ሰዓት መኪና ጠብቆ ሃምሳ ብር የሚያገኘው፣ እነዚህ በየትኛው መርሐ ግብር ውስጥ ተቆጠሩ? ክለቡስ? ከቲኬት የማያገኝ ክለብ ዓመቱን ሙሉ እጁን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤትና ወደ ከተማ አስተዳደር ይዘረጋል። እጁን የዘረጋ ክለብ ደግሞ የደጋፊው አይሆንም፤ የሚያጎርሰው ሰው ነው የሚሆነው።

መተቸት ብቻውን ቀላል ነው ትሉ ይሆናል። ስለዚህ የምጠይቀውን በሦስት አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፣ አዘጋጅ ከተማ የሚመረጥበት መስፈርት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ለሕዝብ ይገለጥ። የሣር ጥራት፣ ፓውዛ፣ ሆቴል፣ ጸጥታ ነጥብ የሚሰጣቸው ከሆነ ተመልካችም ነጥብ ይሰጠው። ባዶ የሚውል ሜዳ ነጥብ ይጣልበት። በምስጢር የተመረጠ ሜዳ እንደ ምስጢር ነው የሚታየው፤ በጥቂት ሰው።

ሁለተኛ፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይመለስ አልልም፤ በየዓመቱ ግን እያንዳንዱ ክለብ በገዛ ከተማው የሚጫወታቸው ጨዋታዎች ዝቅተኛ ቁጥር ይወሰን፤ ቁጥሩም በየዓመቱ ይጨምር። ሜዳው ብቁ ያልሆነለት ክለብ ሜዳውን ለማደስ የጊዜ ገደብ ይሰጠው። ዛሬ ሜዳ የሌለው ክለብና ሜዳውን ያሳመረ ክለብ እኩል ስደተኛ ከሆኑ፣ ሜዳ ለማሳመር የሚደክም ሞኝ ማን ነው?

ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ለምሥራቁ ሕዝቧ መካከለኛ ሜዳ ትሥራ። ሰሚት፣ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ኮተቤ፣ ገርጂ፤ እነዚህ ሰፈሮች በሃያ ዓመት ውስጥ ከተማ ሆነዋል። ፎቅ አላቸው፣ ባንክ አላቸው፣ ካፌ አላቸው፤ ጥቂት ሺህ ሰው ተቀምጦ ኳስ የሚያይበት ቦታ ግን የላቸውም። ከ2008 ጀምሮ ከአያት ተነሥቶ ምዕራቡን የሚያቋርጥ የባቡር መስመር አለ፤ ከጣቢያዎቹ አንዱ ስሙ ራሱ «ስታዲየም» ነው። ባቡሩ እንኳ ታክሞ፣ ሜዳው ተከፍቶ፣ የአያት ልጅ ማሊያውን ለብሶ በጥቂት ብር የሚወርድበት ከተማ መሥራት ሕልም አይደለም፤ ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ስሙም ተጽፏል። አደይ አበባም በሩን ሲከፍት ለታላላቅ በዓልና ለእንግዳ መቀበያ ብቻ ተብሎ እንዳይቆለፍ፤ የክለብ ጨዋታ ይለመድበት። ሰው የማይረግጠው ስታዲየም ሐውልት ነው፤ ሐውልት ደግሞ አይበቃንም እንዴ?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ አባቶቻችን። ለዓመታት አጥራችን ሲነቀነቅ ዝም ብለን ያየነው የጨዋታው ባለቤት ማን እንደሆነ ስለረሳን ይመስለኛል። ባለቤቱ ስፖንሰሩ አይደለም፤ ካሜራውም አይደለም፤ በየስብሰባው ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠውም አይደለም። ባለቤቱ እሑድ ከሰዓት የሚሄድበት ያጣው ሰው ነው። የሚቀጥለው መርሐ ግብር ሲወጣ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ከማየታችን በፊት የት የሚለውን እናንብብ፤ መልሱ ከደስ ባላሰኘን ቁጥርም ዝም አንበል።