መድኃኒት ከእናት ወደ ጽንስ እንዴት ያልፋል?

ነፍሰ ጡር እናት የምትወስደው መድኃኒት ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል? ጥያቄው በተለይ የረጅም ጊዜ ሕክምና የሚከታተሉ እናቶችን ያስጨንቃል። ለምሳሌ የሚጥል በሽታን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመና በመስቃንና ማረቆ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያዳረሰ ጥናት፣ ከ1 ሺህ ሰዎች 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። ያኔ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙ የነበሩት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሕክምናው ወደ ኅብረተሰቡ በቀረበ ቁጥር ግን መድኃኒት እየወሰዱ የሚያረግዙ ሴቶችም ይበዛሉ።

እንግዴ ልጅ ብዙዎች እንደሚያስቡት ግድግዳ አይደለም። የእናትና የጽንስ ደም ሳይቀላቀል ምግብና ኦክስጅን ያሳልፋል፤ ቆሻሻም ይመልሳል። ስኳርንና ብረትን የሚያሻግርበት የራሱ መንገድ አለው። ሞለኪውላቸው አነስተኛ የሆነና በስብ የሚሟሙ መድኃኒቶች በቀላሉ ያልፋሉ፤ አልኮልም እንዲሁ። እንደ ኢንሱሊንና ሄፓሪን ያሉት ትላልቅ ሞለኪውሎች ግን እምብዛም አያልፉም።

ይህ እንዴት ታወቀ? እ.ኤ.አ. እስከ 1961 ድረስ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ለአካል ጉዳት ዳርጓል። በአይጦች ላይ ግን ይህን ጉዳት አላሳየም። የእንስሳት እንግዴ ልጅ ከሰው በእጅጉ ስለሚለይ፣ የሰውን ማጥናት ግድ ሆነ።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ እናቲቱ ስትፈቅድ ከወሊድ በኋላ የወጣውን እንግዴ ልጅ ይጠቀማል። በአንዱ ክፍል ላይ በእናትና በጽንስ በኩል ቀጫጭን ቱቦዎች ይገባሉ፤ በሰውነት ሙቀት ልክ የሞቀ ፈሳሽም ይዘዋወርበታል። ከዚያ በእናት በኩል መድኃኒቱ ተጨምሮ በጽንስ በኩል የሚወጣው መጠን ይለካል። ሌላው ዘዴ በወሊድ ጊዜ የእትብትንና የእናትን ደም ማወዳደር ነው። በቤተ ሙከራ የሚያድጉ የእንግዴ ልጅ ሴሎችም ያገለግላሉ።

ዘዴዎቹ ጉድለት አለባቸው። ከወሊድ በኋላ የተገኘ እንግዴ ልጅ የጽንሱ አካላት ስለሚሠሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብዙ አይናገርም። መድኃኒቱ ማለፉን መለካትም ጉዳቱን አያሳይም። ለዚህ መፍትሔው የእናቶችንና የሕፃናትን መረጃ ለዓመታት መመዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በቦትስዋና የተሰበሰበ መረጃ የኤችአይቪ መድኃኒት በሆነው ዶሉቴግራቪር ላይ ስጋት አስነስቶ ነበር። መረጃው እየበዛ ሲሄድ ስጋቱ ቀነሰ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መድኃኒቱን ለሴቶችም በተመራጭነት መከረ። በእኛም አገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የሕዝብ ጤና ክትትል አለ። እንዲህ ያለው ምዝገባ እናቶች በእርግዝና ጊዜ የወሰዱትን መድኃኒት ቢያካትት፣ የራሳችንን ጥያቄ በራሳችን መረጃ ለመመለስ ያስችላል።

ታዲያ እርስዎ ምን ያድርጉ? የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ማርገዝዎን ሲያውቁ በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው ተደጋጋሚ መጣል እናትንም ጽንስንም ለሕይወት አደጋ ሊዳርግ ይችላል። ይልቁንም ከማርገዝዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። የሚወስዱት ቫልፕሮት ከሆነ ምክሩ ይበልጥ ያስፈልግዎታል፤ በጽንስ ላይ የሚያስከትለው የአካልና የአእምሮ እድገት ጉዳት ከፍተኛ በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት መውለድ ለሚችሉ ሴቶች እንዳይታዘዝ መክሯል። ለውጡ ግን በሐኪም ክትትል ብቻ ይሁን። ፎሊክ አሲድ መቼና ምን ያህል እንደሚወስዱም ይጠይቁ።

ለቅድመ ወሊድ ክትትል ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ይዘው ይሂዱና ያሳዩ። ባለቤቶችም ሆኑ አማቶች «ለልጁ ሲባል ተይው» ከማለታቸው በፊት አብረዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።