አቤት የማይል ቁልፍ

ለአንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭ ፕሮግራም ሠርቼ ባስረከብኩ ሰሞን ስልክ ተደወለልኝ። አንድ ሽሮፕ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ የማታ ሒሳብ አልገጥም ብሏል። ሄድኩ። ገንዘብ ተቀባይዋን «እትዬ፣ የመመዝገቢያውን ቁልፍ ለምን ሦስት ጊዜ ይጫኑታል?» አልኳቸው። ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን አልተጠራጠርኩም ነበር።

«ልጄ፣ መስማቱን በምን ልወቅ?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ሰው ሲጠራ አቤት ይላል፤ ዝም ካለ ደግመው ይጠሩታል። እሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ማታ ኮዱን ከፈትኩት። ኪዩት (Qt) በሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ የሠራሁት ነው። ቁልፉ ማውዝ ሲያርፍበት እንዲፈካ፣ ሲጫኑት እንዲጠቁር አዝዣለሁ። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነበር። በኪዩት እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ትእዛዞች ሲጋጩ ከታች የተጻፈው ይረታል፤ እኔ ደግሞ የመጫኑን ከላይ፣ የማውዙን ከታች ጽፌዋለሁ። ቁልፉን የሚጫን ሰው ማውዙ እዚያው ላይ ስለሆነ፣ የፈካው ቀለም ሁልጊዜ ጥቁረቱን ይሸፍነዋል። አሮጌው ኮምፒውተር ለመመዝገብ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲፈጅ እትዬ የሚያዩት ምንም ለውጥ የለም። ሁለቱን መስመሮች አቀያየርኳቸው። ምዝገባው እስኪያልቅም ቁልፉ ደብዝዞ «በመመዝገብ ላይ» እንዲልና ዳግም እንዳይጫን አደረግኩ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

በእኛ ሙያ የቁልፍ መልክ ጊዜ ከተረፈ የሚሠራ ጌጥ ተደርጎ ይታያል። በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ቁልፎቹ ግራጫ ነበሩ፤ ከላይና ከግራ ብርሃን፣ ከታችና ከቀኝ ጥላ ነበራቸው። ሲጫኗቸው ብርሃንና ጥላው ቦታ ይለዋወጡና ቁልፉ የሰመጠ ይመስላል። ቁንጅና ባይኖራቸውም መልስ ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ጠፍጣፋው ፋሽን ገነነና ጥላው ቀረ። ጠፍጣፋውን አልጠላም፤ ጥላውን የወሰደ ግን ምትኩን ይስጥ። ቀለም ብቻውንም አይበቃም፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይላቸው ሰዎች አሉና ጽሑፉም አብሮ ይለወጥ።

ሶፍትዌር የምታስሠሩ ሁሉ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ቁልፍ ተጫኑና ጣታችሁን ሳታነሱ ቆዩ። መልኩ ካልተለወጠ ፕሮግራመሩን ጥሩት። እሱ እንኳ ገንዘቡ ስላልተከፈለው አቤት ይላል።