የኮቪድ ወራትና የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ገበታ

የኮቪድ-19 ወረርሽኝን ለመግታት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መወሰኑ፣ በዚያው ወር መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁ ይታወሳል። መጎራረስ በሥጋት ይታይ ጀመር፤ ጥሬ አትክልት በሽታውን ያስተላልፋል የሚል መሠረተ ቢስ ወሬም በገበያ ተናፈሰ።

በወቅቱ በስልክ የተጠየቁ በርካታ የመዲናዋ ነዋሪዎች ገቢያቸው መቀነሱን ገልጸዋል። ከዚህ ተነሥቶ የምግብ ፍጆታም አሽቆልቁሏል ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ይሁንና የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች በነሐሴ 2012 ዓ.ም በአዲስ አበባ የሰበሰቡት መረጃ፣ ፍጆታው ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በአማካይ እምብዛም እንዳልተለወጠ፣ እንዲያውም በመጠኑ መጨመሩን አመልክቷል። የምግቡ ስብጥር በከፊል ቢለወጥም ለውጡ ቤተሰቦቹ ከተናገሩት የገቢ መቀነስ ጋር የተያያዘ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ ድጋፍ የሚያቅድ መሥሪያ ቤት «ገቢዎ ቀንሷል ወይ?» ከሚለው ይልቅ «በሳምንቱ ምን ተበላ?» የሚለውን ቢያስቀድም ይሻለዋል።

አማካይ ቁጥር ግን የሚሸፍነው አለ። በትምህርት ቤት ምገባ ቁርስና ምሳውን ያገኝ የነበረ ልጅ ቤት ሲውል ሸክሙ ያረፈው በእናቱ ድስት ላይ ነው። የተመጋቢ ተማሪዎች ዝርዝር ያለው በትምህርት ቤቱ እጅ በመሆኑ፣ በሩ ሲዘጋ ዝርዝሩን የትኛው የወረዳ ጽሕፈት ቤት እንደሚረከብ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።