በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰላም

ዛሬ የምናነሣው ስለ አንድ ሥዕልና ስለ ተሸጠበት ዋጋ ነው። ጉዳዩ ከወትሮው ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሰላምን ወንጌል እንሰብካለን ለምንል ሁሉ የሚሆን ጥያቄ በውስጡ አለና በትዕግሥት አንብቡን።

ባንክሲ በሚል ስም የሚታወቅ፣ ማንነቱን የሰወረ እንግሊዛዊ የጎዳና ሠዓሊ አለ። ቅርጹን በካርቶን ላይ ቆርጦ ያወጣል፣ ካርቶኑን በግድግዳ ላይ ለጥፎ ቀለም ይረጭበታል፣ ሰው ሳያየው ይሄዳል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በቤተ ልሔም አጠገብ ባለችው በቤት ሳሁር ከተማ አንድ ሥዕል ሣለ። ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ወጣት እጁን ወደ ኋላ ስቦ ሊወረውር ተዘጋጅቷል። ድንጋይ ወይም ቦምብ የያዘ ይመስላል፤ በእጁ ያለው ግን እቅፍ አበባ ነው። መልእክቱ ማብራሪያ አያሻውም፤ ጦርነት ይብቃ ይላል።

ቤት ሳሁር ለእኛ ባዕድ ከተማ አይደለችም። በክርስቲያኖች ትውፊት መሠረት እረኞቹ በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ መላእክት የሰላሙን ብሥራት የነገሯቸው በዚያ መስክ ነው (ሉቃ. 2፥8-14)።

የዚህ ሥዕል በሸራ ላይ የተሠራ አንዱ ቅጂ ግንቦት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በኒው ዮርክ፣ ሶዘቢስ በተባለው የጨረታ ቤት በ12.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከጨረታው በፊት የተገመተለት ዋጋ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ወር በሰሜን አገራችን ጦርነቱ ሰባተኛ ወሩን ይዞ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየቀበሩ ነበር።

ይኸው ሠዓሊ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ፣ በሴንትራል ፓርክ አጠገብ፣ አንድ አዛውንት ሥራዎቹን በመንገድ ዳር ዘርግተው እያንዳንዱን በ60 ዶላር እንዲሸጡ አድርጎ ነበር። የማን ሥራ እንደ ሆነ ስላልተነገረ አላፊ አግዳሚው ዝም ብሎ አለፈ። ቀኑን ሙሉ የተገኘው 420 ዶላር ብቻ ነው። እንግዲህ ሚሊዮኖቹ የተከፈሉት ለምንድን ነው? ለሰላሙ መልእክት ቢሆን ኖሮ መልእክቱ በመንገድ ዳርም ነበረ። የተከፈለው ለስሙ ነው።

ይህን ስንል ውድ ነገር ሁሉ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ማርያም ውዱን ሽቱ በጌታ እግር ላይ ስታፈስስ ስለ ዋጋው ያጉረመረመው ማን እንደ ነበረ እናውቃለን (ዮሐ. 12፥3-6)። ደግሞም በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የዚሁ ሠዓሊ ሦስት ሥዕሎች በለንደን በ2.2 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጡ ገንዘቡ በቤተ ልሔም ለሚገኝ ሆስፒታል እንዲውል ነበር። ያ መልካም ሥራ ነው፤ ሥዕሉ ተመልሶ የሰውን ቁስል ነክቷል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሰላም ጌጥ ሲሆን፣ የምናደንቀው እንጂ የማንሠራው ሲሆን፣ ምን ይቀራል? ኤርምያስ በዘመኑ የወቀሳቸው የሕዝቡን ቁስል በላይ በላዩ እየጠገኑ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው የሚሉትን ነበር (ኤር. 6፥14)።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ የኒው ዮርክ ባለጠጎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቡታጅራ ዙሪያ በመስቃንና በማረቆ ወገኖቻችን መካከል፣ በወልቂጤም በጉራጌና በቀቤና ወገኖቻችን መካከል የሆነውን እናውቃለን። አብረው ገበያ የወጡ፣ ዕቁብ የጠጡ፣ የተጋቡ ሰዎች ተጋጭተው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በእነዚያ ዓመታትም ሰላም የሚል ቃል ከግድግዳችን አልጠፋም። በባነር ላይ ነበረ፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ ነበረ፣ በባጃጅ ኋላም ተለጥፎ ነበረ። እሑድ በመዝሙር ሰላምን የዘመረ አፍ ሰኞ በስልኩ የወገኑን ጥላቻ ለሌላው ካስተላለፈ፣ ያ ባነር ከተሰቀለ ሥዕል በምን ይሻላል?

የእኛ አባቶች ሰላም ምን እንደሚያስከፍል ያውቁ ነበር። የጆካ ሸንጎ ሽማግሌዎች ደም የተቃቡትን ለማስታረቅ ብዙ ቀን ይቀመጡ ነበር፤ የበዳዩን ወገን ይለምኑ፣ የተበዳዩን ወገን ይለምኑ ነበር። መስቀል ሳይደርስ የተጣላ ይታረቅ የሚለው ልማዳችንም እስከ ዛሬ አለ። ዋጋው እግር ነው፣ ጊዜ ነው፣ ስድብን መታገሥ ነው። ይህን ዋጋ በጨረታ ሌላ ሰው አይከፍልልንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ወንጌል አለን። ጌታችን በመስቀሉ ደም ሰላምን አደረገ (ቆላ. 1፥20)። ዋጋው ከየትኛውም ጨረታ በላይ ነው፤ ሲሰጠን ግን በነጻ ነው። ብሥራቱም አስቀድሞ የደረሰው ገንዘብ ለሌላቸው እረኞች ነው። ይህን የተቀበለ ሰው የማስታረቅ አገልግሎት ተሰጥቶታል (2 ቆሮ. 5፥18)። አገልግሎት ደግሞ ይሠራል እንጂ አይሰቀልም።

ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች ላሉ አብያተ ክርስቲያናት የምንለው ይህ ነው። ለሰላም ኮንፈረንስ ባነር ከምናወጣው በጀት ከፍለን ለሚያስታርቁ ሽማግሌዎች መጓጓዣና ቤቱ ለተቃጠለበት ቆርቆሮ እናድርገው። መጋቢዎች የሌላውን ወገን በደል ሳይሆን የራሳችንን ወገን በደል በራሳችን መድረክ ላይ እንስበክ። በወዲያኛው ሰፈር ሰው ሲሞት ለቅሶ እንድረስ፤ ማንም ባይጋብዘን እንኳ ሄደን ከድንኳኑ እንቀመጥ። ወጣቶቻችንም የተላከላቸውን ከማስተላለፋቸው በፊት ይህ በእጄ ያለው ድንጋይ ነው ወይስ አበባ ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ።

ጌታ ብፁዓን ያላቸው ሰላምን የሚያደርጉትን ነው (ማቴ. 5፥9)። የሰላም አምላክ እጃችንንም እግራችንንም ለዚህ ያነሣሣ። አሜን።