ግንቡ ወደቀ፣ ሕጉ ዘለቀ

የተፈጥሮ ሀብት በምን ይጠበቃል? ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖረው ወዛደርና የቀበሌ ነዋሪ ይህን ጥያቄ በጥሞና ሊመረምረው ይገባል እንላለን። «በአጥርና በዘበኛ» የሚል መልስ የሚሰጡ አይጠፉም። ታሪክ የሚያስገነዝበን ግን ሌላ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የሰርቢያ ገዢዎች ዛሬ ኮሶቮ በሚባለው ምድር፣ ኖቮ ብርዶ በተሰኘ ተራራ ላይ፣ የብር ማዕድናቸውን የሚጠብቅ ምሽግ ገነቡ። ጉድጓዱን የሚምሱት ከጀርመን አገር የመጡ ሳክሶኖችና የአካባቢው ተወላጆች ነበሩ። ወርቅ የተቀላቀለበት ብራቸው በዱብሮቭኒክ ነጋዴዎች እጅ ወደ ጣሊያን ይጋዝ ነበር። ቆፋሪው በጨለማ ሲደክም፣ የላቡ ፍሬ የመሳፍንቱን ግምጃ ቤትና የነጋዴውን ከረጢት ይሞላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1455 የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መሐመድ ምሽጉን 40 ቀናት ከቦ ያዘው። ወጣቶቹ ተግዘው ለሱልጣኑ ጦር ተመለመሉ። ቁፋሮው ግን አልቆመም፤ የተለወጠው ጌታው ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀደም ሲል በ1412 ገዢው ስቴፋን ላዛሬቪች የማዕድን ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ከማዕድን ከተሞች የተውጣጡ፣ ሥራውን ጠንቅቀው የሚያውቁ 24 ሰዎች ነበሩ። ድል አድራጊው ኦቶማን እንኳ ግንቡን ቢማርክም፣ የማዕድኑን ሥራ በዚያው በሳክሶኖቹ ልማድ ላይ በተመሠረተ ደንብ ከማስኬድ የተሻለ አላገኘም።

ከዚህ አንጻር የእኛኑ የአብያታ ሐይቅ እንመልከት። ሶዳ ሲመረትበት የኖረው ይህ ሐይቅ በብሔራዊ ፓርክ ወሰን ተከልሏል። ይሁንና ወደ እርሱ የሚወርደው ውሃ ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ ሲቀዳ፣ ከራሱም ለሶዳ ሲሳብ፣ ዳርቻው እየሸሸ ሄዷል። የተከለለው ወሰን ሐይቁን ሊያድነው አልቻለም።

መስኖው ይቁም፣ ፋብሪካ ይዘጋ ማለታችን አይደለም፤ ሁለቱም የሠርቶ አደሩ እንጀራ ናቸው። ነገር ግን ምን ያህል ይቀዳ? ማን ይቆጣጠር? ማንስ ይጠየቅ? የሚለው ደንብ ሲረቀቅ ገበሬው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ወዛደሩና የቀበሌው ነዋሪ ከሸንጎው ሊታጡ አይገባም። ሥራውንና ምድሩን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ስለዚህ በየማኅበራችንና በየቀበሌያችን ስንሰበሰብ፣ ስለ አጥሩ ቁመት ከመነጋገራችን በፊት ደንቡን ማን እንደሚጽፈው እንጠይቅ።